የዶሮ መድኃኒቴና የተዘጋው በር

ዶሮ ስታስነጥስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ሰው መስሎኝ «ይማርሽ» ብዬ ነበር። ዞር ስል ዶሮ! ያውም የሃዳ ገልገሎ፣ የግራ ጎረቤቴ የገልገሎ እናት ዶሮ። ክንፏን ጥላ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ኩሷም አረንጓዴ። ፈንግል ነው፤ ዶሮ የሚፈጀው በሽታ። እኛ ነገሌ ዶሮ ያለው ሰው ይህን ስም ጮክ ብሎ አይጠራም።

ለአንድ ዶሮ ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጄ ትዕግስት ያገባችው ሜጋ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ቤት ልትመጣ ነው። አራስ ቤት ያለ ዶሮ ምኑን አራስ ቤት ሆነ? ለዚሁ ብዬ ከጫጩትነታቸው ጀምሬ ያሳደግኋቸው ዶሮዎች አሉኝ። አንዷማ እንቁላል ታቅፋለች። እነሱ ካለቁ ልጄን ምን ላበላት ነው? ሽሮ? አማቷ ይህን ሰምታ በሜጋ ሁሉ ስታዞረው ከወዲሁ ታየኝ። ወሬ እንዴት እንደሚዞር ደግሞ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

በእኛ ሰፈር ዶሮ ታመመ ከተባለ ሐኪም የማይሆን የለም። ባለሱቋ ሞሚና ጥቁር አዝሙድ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠሽ አጠጪ፣ አባቴ ግመል ሳይቀር አድኖበታል አለችኝ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ እትዬ በላይነሽ ከፌጦና ከጤና አዳም ሌላው ከንቱ ነው አሉ። ሃዳ ገልገሎ እሬት ቆርጣ አመጣችልኝ፤ በኦሮምኛ ሃርጊሳ የሚሉትን። ውሃቸው ውስጥ ጨምሪው፣ ይምረራቸው፣ በሽታው ራሱ ጠልቷቸው ይሄዳል አለች። እኔ ማንን ላስቀይም? ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ወቀጥኩት። የራሴም ነገር ይኑርበት ብዬ ከጓሮዬ የሽፈራው ቅጠል ጨመርኩበት። ዶሮዎቹ ቀመሱና ቀና ብለው አዩኝ። በተለይ አውራው! ነፍሱን ይማረውና ባሌ ወጥ ጨው ሲበዛበት እንደዚያ ነበር የሚያየኝ።

እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ዶሮም ቢሆን። «አካም ቡልቴ? ናጋ? ሉኩን ኬ አካም ጂርቲ?» እንዴት አደርሽ፣ ሰላም ነው፣ ዶሮሽስ እንዴት ሆነች? እያልን ከግቢ ግቢ ነው። የሞተችባትን እናጽናናለን። የታመመችባትን ደግሞ ዶሮዋን አንስተን፣ ዐይኗን ገልጠን፣ ከንፈራችንን መጠን ወደሚቀጥለው ቤት። እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። ሰው ተቸግሮ ዝም ይባላል እንዴ? እዚያ ያየሁትን እዚህ ካልነገርኩስ ማን ይነግራል?

ታዲያ ጭንቀቱ ሲብስብኝ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድኩ። ከቡሌ ሆራ የመጣች ወጣት ሐኪም አለች። ክትባቱ አልቋል፣ ሰሞኑን ይመጣል አለችኝ። እኔም ስለ መድኃኒቴ በኩራት አወራኋት።

«እማማ፣ ቅጠሉ ምናልባት ሰውነታቸውን ያበረታ ይሆናል። ፈንግልን ግን አያቆምም» አለች። «ይልቅ ሰሞኑን የማን ግቢ ገብተው ነበር?»

«የማን ግቢ ቀረሽ ብትዪኝ ይቀለኛል።»

ጫማዬን አየችው። እኔም አየሁት። በሽታው በጫማ፣ በእጅ፣ በልብስ እንደሚጓዝ ነገረችኝ። እስክንከትብ ድረስ በርዎን ይዝጉ፤ ማንም ግቢ አይሂዱ፣ ማንንም አያስገቡ አለች። አይሂዱ! ለእኔ! አይተንፍሱ ብትለኝ ይሻል ነበር። በሽታውን ከቤት ቤት ማን አዳረሰው ብላ እንዳትጠይቀኝ ቶሎ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ጫማዬን በበረኪና አጥቤ በሩን ዘጋሁ። ወዲያው ሞሚና አንኳኳች። አሁን ምን ይባላል? «ጫማሽ በሽታ ይዟል» ይባላል? የስንት ዘመን ጉርብትና በአንድ ቃል ገደል ሊገባ? ልጄ ደግሞ ዛሬ ነገ ልትደርስ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ለቀቅኩት።

«ሞሚናዬ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ። የውጭ ሰው ጥላ ካረፈበት ይረክሳል። ሰጪውም የሰው ደጅ ከረገጠ ይከሽፋል።»

ትቀየማለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ታዲያ ቀደም ብለሽ አትናገሪም ነበር? ለእኔም ቆንጥሪልኝ እንጂ!»

በአጥር አቀበልኳት። እትዬ በላይነሽም አስላኩ። ሃዳ ገልገሎም ለተረፉት ዶሮዎቿ ወሰደች። ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘጋ። እኔ ውስጥ ሆኜ ዶሮዎቼን አዳምጣለሁ። አቧራ ገብቶባት እንኳ አንዷ ካስነጠሰች ሮጬ ኩሷን አያለሁ። መንገድ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ አላውቅ፣ ማን እንደተጣላ አላውቅ። ሁለቱ ጭንቀት ተደራርቦ ሊገድለኝ!

በመጨረሻ ክትባቱ መጣ። ዐይናቸው ላይ ጠብ ጠብ ተደረገላቸው። ከእኔዎቹ አንዲትም አልጎደለችም። ሐኪሟ በሩ በመዘጋቱ ነው አለች። ሰፈሩ የእኔ መድኃኒት ነው አለ። እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ምስጋና ሲመጣ በር ይዘጋል እንዴ?

ትዕግስት መጣች፤ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከጤና ጣቢያ ይዘናት ገባን። ዶሮው ተሠራ፣ ገንፎው ተገነፋ። ዕልልታውም ቀለጠ፤ ግን ከአጥር ውጭ። በቀዳዳ ባይ ጎረቤቶቼ ተደርድረው ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ! የእኔ መድኃኒት አብቅቷል!» ብዬ ጮህኩ።

«የእኛ መቼ አበቃ!» አለች ሞሚና። «የሰው ደጅ ከተረገጠ ይከሽፋል ያልሽን አንቺ አይደለሽ?»

እትዬ በላይነሽ አዲስ ጫጩቶች አስገብተዋልና መድኃኒቱ ከሽፎ እንዲያልቁባቸው አይፈልጉም። «ጫማችሁን ፈርቼ ነው እንዲያ ያልኩት» ልበላቸው? ገንፎውን በአጥር ላይ አቀበልኳቸው፤ ቆመው በሉ። ትዕግስት ከአልጋዋ ላይ «እማዬ፣ ከሰው ሁሉ ተጣላሽ እንዴ?» ትለኛለች። ዶሮዎቼ ግቢውን ሞልተው ይጭራሉ። የሚበላቸው እንግዳ የለም።

ትናንት ደግሞ ሃዳ ገልገሎ በአጥር በኩል ጠራችኝ። ጉድ የሚያሰኝ ወሬ አለኝ አለች። ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ «በዪ ንገሪኝ!» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገርማ በአጥር አይወራም፣ መድኃኒቴ ሲያበቃ ገብቼ እነግርሻለሁ ብላኝ ሄደች።

እስቲ ከእናንተ የሚያውቅ ካለ፤ የዚህ መድኃኒት ማርከሻው ምንድን ነው?