ጋሽ አንቀጽና የጠፋው ሜትር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ፣ አንቀጽ ግን ከዳኛ ቀድሞ የሚጠቅስ። የእኛው ደግሞ የቤት ዕቃ ፋብሪካችን ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ አንቀጽ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው የደመወዝ መክፈያው ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ተፍቆ ስለጠፋ፣ እዚያ ሲደርሱ በቃላቸው ይሉታል።

ክቡርነታቸው ነፍስ የሚዘሩት ሰው ሥራ ሊለቅ ሲል ነው። አምና ቀለም ቀቢዋ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ወሯን ብትጨርስ፣ አስተዳደር ክፍሉ "ክፍያሽን እናየዋለን" አላት። ጋሽ አንቀጽ ወንበራቸውን ተሸክመው ገብተው ተቀመጡ።

"ምኑን ነው የምታዩት? ሲኒማ ነው? ማስጠንቀቂያ የሰጠ ሰው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሠራተኛ ነው! የሠራችበትንም፣ ያልወጣችውንም ዕረፍት ቁጭ አድርጉ!"

ተከፈላት። በአዋጁ ይሁን በወንበሩ እስካሁን አልተጣራም።

በዚህ የሚስቅ ይኖራል። እኔ አያስቀኝም። ደብዳቤ ያስገባ ሰው በማግስቱ እንደ ሙት ይቆጠራል፤ ሥራው ግን በሕይወት እንዳለ ሰው ይጠየቃል። ደመወዙ ብቻ "ሂደት ላይ" ነው።

ዘንድሮ የመልቀቅ ተራው የእኔ ሆነ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ እስከ ዓርብ ነው፤ ያለኝም ያችው የመጨረሻዋ ደመወዝ ናት። ከንብረት ዕዳ ነጻ መሆኔን የሚያሳየውን፣ ዘጠኝ ፊርማ ካልሞላ ደመወዝ የማያስከፍለውን የክሊራንስ ወረቀት ይዤ ዞርኩ። ስምንቱ ፈረሙ። ዘጠነኛው ጋሽ አንቀጽ መዝገባቸውን ገለጡ።

"ሜትር፣ አንድ። የታለ?"

"ከጠፋ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ዕቃ ሳይመለስ አይፈረምም።"

"እሺ፣ ከደመወዜ ይቆረጥ።"

ብድግ አሉ። "ከሠራተኛ ደመወዝ? እኔ እያለሁ? ማነው ይህን ያስተማረህ?"

"ታዲያ ገዝቼ ላምጣ?"

"ግዢ የግዢ ክፍል ሥራ ነው!"

መብቴን እያስከበሩ ደመወዜን ያዙብኝ። ያን ቀን በሆዴ ያላወረድኩባቸው እርግማን የለም።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ተፈርሞ አገኘሁት። ዓርብ ገንዘቡ ገባ፤ ትምህርት ቤት ከፍዬ ጋሽ አንቀጽን ልሰናበት ንብረት ክፍል ተመለስኩ። መደርደሪያው ላይ፣ በመጋዞቹና በመዶሻዎቹ መሃል፣ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። ጫፉ ላይ መርፌ ከነክሩ ተሰክቷል። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ የእትዬ አይደለም እንዴ?"

ሃያ ዓመት መዝገብ አዛብተው የማያውቁት ሰው ግራ ቀኝ አዩ። አዋጁን በደረት ኪሳቸው ወደ ታች ገፋ አደረጉት።

"ዝም በል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ምስክር እንዳትሆንብኝ።"