ጋሽ ማንሶክ ያላዩት ህዳር

በየመንደሩ አንድ ሰው አለ፤ ሰማይ ቢወድቅ «ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል። አይደነግጥም። ሰማዩ ከዚህ በፊት የወደቀበትን ዓመት፣ ያረፈበትን ማሳ፣ ያነሱትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ይቆጥርላችኋል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው መንደር ካለ ወይ ገና አልተመሠረተም፣ ወይ ሰውየው ታሞ ተኝቷል።

የሶትጎሉ ክቡር ጋሽ ፒዮ ማንሶክ ናቸው። ዕድሜ ሰባ ሰባት። የቀድሞ የመንደር ሊቀመንበር፣ የሰማይ ጉዳዮች ቋሚ ተጠሪ፣ የነፋስ አፈ ጉባኤ። ጽሕፈት ቤታቸው መንደሩ መግቢያ ላይ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው የእንጨት መደብ ነው። በሰኔ በረዶ ሲጥል፣ «በነብሩ ዓመትም ጥሏል።» ወንዙ በሐምሌ ሲደርቅ፣ «በእባቡ ዓመትም ደርቋል፤ ዓሣ በእጃችን ለቅመናል።» የሶትጎል ሽማግሌ ዓመትን በእንስሳ ስም ይጠራል። እንስሶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እየዞሩ ይመጣሉ። ስለዚህ ጋሽ ማንሶክን በቀን ይዞ ያስተባበላቸው ሰው እስካሁን የለም።

የአሁኑ ሊቀመንበር ኖ ጂንግዩ ግን ሞክሯል።

ጂንግዩ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ወረዳው ጠርቶት የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰደና ባለ ቀለም መጽሔትና የአየር ንብረት ለውጥ ጭንቀት ይዞ ተመለሰ። የመጽሔቱን ግማሽ አላነበበውም። ጭንቀቱን ግን ሙሉውን ያዘው። በናፍጣ መኪናው እየዞረ፣ ጥቁር ጭስ እያስተፋ፣ ስለ ጭስ ያስተምር ነበር።

ሶትጎል የምትኖረው በጋም ነው። ጋም ቲማቲም የመሰለ ብርቱካንማ ፍሬ ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይላጥና በክር ታስሮ፣ መጋረጃ እንጂ ግድግዳ በሌለው ዳስ ውስጥ ይሰቀላል። ህዳርን ሙሉ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ነፋስ ያደርቀዋል፤ እንደ ቴምር ይጣፍጣል። ነፋሱ ካልቀዘቀዘ ይሻግታል። ጂንግዩ በጸደይ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሶላር ይተከል፣ በእሱ ኃይል የሚሠራ ማራገቢያ ያለው የጋራ ማድረቂያ ይሠራ። ወረዳው ያግዛል።

«ነፋሱ እንደ ድሮው ላይመጣ ይችላል» አለ። «ምድር ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል እየሞቀች ነው።»

ጋሽ ማንሶክ ተነሡ። «አንድ ዲግሪ ተኩል? እኔ ከወለሌ ሥር እሳት አንድጄ ቤቴን ሳሞቅ አሥር ዲግሪ እጨምራለሁ። እስካሁን ማን ሞተ?»

አዳራሹ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ነው…»

«ቆይ አልጨረስኩም። ያ ተራራው ላይ የተከሉት የነፋስ መዘውር፣ ነፋሱን እዚያ አኝኮ አኝኮ ለእኛ የሚደርሰን ምራቁ ነው። አሁን አንተ ደግሞ ፀሐይዋን መስታወት ላይ ልትቸነክርልን ነው። ጋማችን በምን ይቅላ? ነፋስ እንደሁ ቆጣሪ የለው፣ አይበላሽ፣ መለዋወጫ አይጠይቅ።»

እጅ ተቆጠረ። አሥራ አንድ ለሃያ ሦስት፤ ሐሳቡ ወደቀ። ጂንግዩ ቂም አልያዝኩም ብሎ ለራሱ ነገረው። ይዟል።

ህዳር ገባ። ብርዱ አልመጣም። በወሩ አጋማሽ ሰው በካናቴራ ይሄድ ነበር። ከዚያ ዝናብ ጀመረ፤ ስስ፣ ሙቅ፣ እንደ በሽተኛ ላብ የሚያጣብቅ፤ ዘጠኝ ቀን። በአራተኛው ቀን የተሰቀለው ጋም ማልቀስ ጀመረ፤ ጭማቂው ይንጠባጠባል። በስድስተኛው ጥቁር ጸጉር አወጣ። በስምንተኛው ከክሩ እየተላቀቀ ወለሉ ላይ ጧ፣ ጧ ይል ጀመር። ሰው በዳስ ሥር ሲያልፍ ጆሮውን መያዝ ያምረዋል።

ጋሽ ማንሶክ መደባቸው ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው? በፈረሱ ዓመት እስከ ታኅሣሥ ዘንቧል። መጋረጃውን ግለጡ፣ ነፋሱን ጠብቁ። ይመጣል።»

የመንደሩ ግማሽ ከተማ ወርዶ ማራገቢያ ገዛ፤ ሱቁ ባዶ ሆነ። ሌላው ግማሽ ጠበቀ። ጋሽ ማንሶክ ብለዋላ!

በዘጠነኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ ወረዳው የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ ላከ። ጂንግዩ የጋሽ ማንሶክን ቅጽ ይዞ ጠዋት ቤታቸው ሄደ። አልነበሩም። ውሻቸው ነበረ፤ ከቤቱ ውጭ ጭቃ ላይ ተጋድሟል። የውሻው ቤት ጣሪያ ላይ በርበሬ የሚሰጣበት ሰሌን ተጥሏል። የሰሌኑ ጠርዝ ተነሥቶ ከሥሩ የሆነ ነገር ያብለጨልጫል። ጂንግዩ ገለጥ አደረገው።

ሶላር ነው። የመስኮት መዝጊያ ያክላል። ሽቦው ወደ ዳሱ ይገባል።

መጋረጃውን ከፈተ። ሦስት ትንንሽ ማራገቢያዎች ይዞራሉ። ጋሙ በረድፍ ተሰቅሏል፤ ደረቅ፣ ብርቱካንማ፣ አንድም ጥቁር ነጥብ የለበትም።

ቅጹን ሳይተው ወጣ። መሳቅ አማረው። ሌላም ነገር አማረው።

የሶትጎል አዳራሽ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ማይክ አሉ። ከውጭ ሦስት ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ሊቀመንበሩ የሚለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማሳ ያደርሳሉ። ማይኩ ሲበራ ሽምብራ የምታክል ቀይ መብራት ትበራለች። ጂንግዩ የዕለቱን ማስታወቂያ አነበበ፤ ቅጹ እስከ ዓርብ ይሞላ፣ የተበላሸ ጋም ወንዝ ውስጥ አይጣል። ጨርሶ ወረቀቱን ሲያጥፍ ታክ ጆንግሆ ከነጭቃ ጫማው ገባ። ትራክተር ነጂው ጆንግሆ ነፋሱን ከጠበቁት አንዱ ነው። የሰቀለው ሁሉ ሻግቶበታል።

«ና ቁጭ በል» አለው ጂንግዩ። «ጉድ ልንገርህ።»

«የባሰ ጉድ አለ?»

«የነፋስ አፈ ጉባኤው ዳስ ገብቼ ነበር።»

«እ?»

ጂንግዩ ያን ጊዜ መብራቷን አያት። ቀይ ናት። እጁ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ጣቱ ደረሰ። አልተጫነውም።

«እኛን ነፋስ ጠብቁ እያለ፣ ራሱ የውሻው ቤት ላይ ሶላር ደብቆ፣ በሦስት ማራገቢያ ጋሙን ያደርቅልሃል። አንድም አልሻገተበት። አሮጌ ቀበሮ!»

ከዚያ አጠፋው። ቢበዛ ስምንት ሴኮንድ ነው።

እነ ጂንግዩ ሲደርሱ የጋሽ ማንሶክ ደጅ ላይ ሃያ ሰው ቆሟል። ሰሌኑ ተጎትቶ መሬት ላይ ወድቋል።

«ውሻውንም ወረዳ ልከው አሠለጠኑት እንዴ ጋሼ?»

«በሉ እንጂ፣ ‹ምን አዲስ ነገር አለው› በሉና!»

«የእኔ ሁለት ሺህ ፍሬ መሬት ላይ ነው። ሁለት ሺህ!»

ጋሽ ማንሶክ ሰፌድ በእጃቸው ይዘው ዳሱ አፍ ላይ ቆመዋል። አልመለሱም። ለእሳቸው ይሄ አዲስ ነበር።

እማማ ሆ ቦንግሱን ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ሰዉን ሰነጠቁት። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከጋሽ ማንሶክ ቤት ቀጥሎ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ዞር በሉ! ምን ያንጫጫችኋል?»

«እማማ፣ ጋሽ ማንሶክ እኛን አታለው…»

«ዝም በል አንተ! የማን ጋም መሰላችሁ? የኔ ነው! ይጠብቁ አለኝ፣ ጠበቅሁ። በአምስተኛው ቀን መጥቶ አየው። በጋሪ ጫነና ወሰደው። የራሱ የት ሄደ? ከጥዶቹ ሥር ሂዱና ቆፍሩ። ብቻውን ነው የቀበረው። ይሄን መስታወት የት እንዳገኘው እንጃ። ፀሐይ ካልወጣች ደግሞ በሰፌድ ሲያራግብልኝ ይውላል፣ ይሄ ሽማግሌ!»

«እትዬ» አሉ ጋሽ ማንሶክ ዝግ ብለው፣ «አደራ ብዬዎት ነበር።»

«አደራህን ውሰድ! ከቤቱ የመብራት ገመድ እንዳይስብ ቆጣሪ አንባቢው ያወራብኛል ብሎ ፈራ።» ወደ ጂንግዩ ዞሩ። «ከቆጣሪ አንባቢው የባሰ አፍ እንዳለ አላወቀ።»

ጆንግሆ ኮፍያውን አወለቀ። ሰሌኑን አንሥቶ ጭቃውን አራገፈና የውሻው ቤት ላይ መለሰው፤ ከዚያ ሶላሩን እንደሸፈነው ሲያስተውል መልሶ አነሣው። ሰው አንድ በአንድ ሸሸ።

«ማይኩን… ሳላጠፋው ቀርቼ ነው» አለ ጂንግዩ፣ ለሚሰማው ሁሉ።

ሁሉም አመነው። የከፋው ይሄ ነው። ጆንግሆ እንኳ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «ያጋጥማል» አለው።

ጋሽ ማንሶክ ከመደቡ ጠፉ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ታኅሣሥ ሲገባ ግን በመንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ የጸደይ ቢጫ አበባውን አወጣ። ንብ ሳይቀር መጣ። ሰዎች ከበው ቆሙ፤ አበባውን አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ባዶው መደብ ዞሩ። «በዶሮው ዓመትም አብቧል» የሚል ድምፅ የለም። ተበተኑ። ማንም አልቀለደም።

ጂንግዩ በማግሥቱ ጥቂት እንኮይ ይዞ ሄደ። የሚናገረውን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምዶታል። ‹ጋሼ፣ መብራቱን አይቼው ነበር።› አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። ጋሽ ማንሶክ ሞቃቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ጋሼ» አለ፤ ከዚያ ምላሱ ሌላ ነገር አመጣ። «እንዲህ ያለ ህዳር አይተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው አንድ ሙሉ ራስ ላጡ። «አላየሁም።»

«በፈረሱ ዓመትስ?»

«በፈረሱ ዓመት የዘነበው ሁለት ቀን ነው።»

ጂንግዩ ይህን ቃል ከጸደይ ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። አሁን አገኘው። ያ ሁሉ ባለ ቀለም ሥዕል ያላስደነገጠውን ያህል ደነገጠ። ቢችል መልሶ አፋቸው ውስጥ ይከተው ነበር። እንኮዩን አስቀምጦ፣ የመጣበትን ሳይናገር ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ማይኩን አበራ። የአየር ትንበያው ለማግሥቱ ነጎድጓድ ይላል፤ በታኅሣሥ።

«ነገ ነጎድጓድ ሊኖር ይችላል ተብሏል» ብሎ አነበበ። ወረቀቱን አስቀመጠ። «አትደንግጡ። ጋሽ ፒዮ ማንሶክ እንደሚሉት፣ በፍየሉ ዓመትም በታኅሣሥ ነጎድጓድ ነበር።»

ጋሽ ማንሶክ እንዲህ ሲሉ የሰማ የለም። ጂንግዩ ማይኩን አጠፋ። ስልኩ ጮኸ።

«የፍየሉ አይደለም!» አለ ድምፁ። «የዝንጀሮው ነው! የማታውቀውን አትቀባጥር!»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«የጆንግሆን አያት በሬ መብረቅ የገደለው በዝንጀሮው ዓመት ነው። በማይክ ሕዝብ ታሳስታለህ?»

«ጋሼ…» ጂንግዩ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ያን ቀን መብራቷን አይቻት ነበር። አይቻት ነው ያልኩት።»

በዚያኛው ጫፍ ውሻው ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ ጋሽ ማንሶክ። «አፍንጫህ ሥር ናት። ሳያያት የሚቀር ሰው የለም።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ዝም…»

«ዓመቱን አርም» አሉና ዘጉት።

ጂንግዩ የማይኩን ማብሪያ መልሶ ተጫነ። ሽምብራ የምታክለዋ መብራት ቀላች። መንደሩ መጀመሪያ የሰማው ትንፋሹን ነው፤ ወንዙ ማዶ ማሳ ላይ ያለው ጆንግሆ ትራክተሩን አጥፍቶ ወደ ምሰሶው ቀና አለ።

«ማረሚያ አለኝ» አለ ጂንግዩ። «ሁለት ነው።»

ከዓመቱ ጀመረ።