ሟች ያጣ ድንኳን

የሰው ልጅ ነገር ግራ ነው። አያቶቻችን ከዋሻ ወጥተው ጎጆ ለመቀለስ ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው እግዜር ይወቀው። እኛም ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ለመሻገር ስንት ባሕር ዛፍ ጨርሰናል። አሁን ቆርቆሮው ተመቷል፣ በሩ ተገጥሟል፣ ጅቡም ብርዱም ውጭ ቀርተዋል። ተመስገን ብላችሁ ጋቢያችሁን ስትከናነቡ አንዱ ይነሣና «ኑ፣ ሜዳ ላይ እንደር!» ይላችኋል። ቤቱ ተቃጥሎበት እንዳይመስላችሁ። ለመዝናናት ነው። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት አትድከሙ፤ እኔው ነኝ።

ስሜ ጥሩነህ ነው። አማኑኤል ከተማ ዳር ባሕር ዛፍ እያስቆረጥሁ እሸጣለሁ፤ ዋና ሙያዬ ግን ማጋነን ነው። ሠርግ ላይ እኔ ካልተገኘሁ ጠላው አይፈላም ይባላል። ባዩም እኔ ነኝ። ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ ፊደል እንኳ ያስቆጠረችኝ የገዛ ልጄ ትግስት ናት። ታዲያ ይህችው ልጄ፣ አድጋ ደብረ ማርቆስ ሥራ ከያዘች ወዲህ፣ አንድ ቀን ስልኳን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደገነችብኝ። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በመኪና ተራራ ወጥተው፣ ከመኪናው ጎን ድንኳን ዘርግተው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እያዩ ሻይ ይጠጣሉ።

«ካምፒንግ ይባላል፣ አባዬ» አለችኝ።

በእኛ አገር ይህ ሥራ እህል ጥበቃ ይባላል። ማማ ላይ ቁጭ ብለህ ዝንጀሮ ስታባርር ታድራለህ እንጂ ሻይ የሚያቀርብልህ የለም። ግን ምን ያደርጋል፣ ልቤ ተነካ። የጮቄን ተራራ ከልጅነቴ ጀምሮ በሩቅ ሳየው ኖሬ አንድ ቀን ቀርቤ «እንደምን ዋልህ» ብዬው አላውቅም። ጎረቤት ሆኖ ሳይጠያየቁ መኖር ነውር ነው አልሁ። ይህቺን ቃሌን ያዙልኝና ፍረዱብኝ።

መኪናስ? አትሉኝም። አንድ አሮጌ ጂፕ ነበረኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ገዝቼው ጓሮዬ ውስጥ ሲያረጅ የኖረ ነው። ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ገብተው ሥር ሰደዋል። ሞተሩ ውስጥ ዶሮዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ተፈልፍለውበታል፤ አውራው ዶሮ እንደውም የባለቤትነት ክስ ሊያነሣ ትንሽ ነበር የቀረው። በጭነት መኪና አስጎትቼ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ባደርሰው፣ መካኒኩ ኮፈኖውን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«አያ ጥሩነህ፣ ይኼን ከማስነሣት አልዓዛርን እንደገና ማስነሣት ይቀላል» አለኝ።

ተነሣ ግን። ሞተሩ ወርዶ ታጥቦ ታድሶ ገባ፤ ፍሪሲዮኑ ተቀየረ፤ የዛገው ላሜራ እየተቆረጠ አዲስ ተበየደ። ባሌስትራው ተጨምሮበት ወገቡ ከፍ ሲል እንደ ሠርገኛ በቅሎ ተኮፈሰ። ጥርሳቸው የጅብ መንጋጋ የሚያስንቅ ጎማዎች አጠለቅሁለት። አናቱ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ አሠራሁለት፤ የኋላውን ወንበር አስነቅዬ እየተሳበ የሚወጣ የወጥ ቤት መሳቢያ አስገባሁለት፤ ምድጃው በቦታው፣ የውሃ ጀሪካኑ በቦታው፣ ማንኪያው ሳይቀር ማደሪያ አለው። ባለቤቴ የሺ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣

«የእኔ ማጀት በሩ ወልቆ በጆንያ ነው የተጋረደው። ለመኪናህ ግን ማጀት ሠራህለት» አለች።

ሳቅ ብዬ አለፍኋት። እውነት ሲነግሩኝ መሳቅ የቆየ ልማዴ ነው።

የቀረኝ ድንኳን ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ትልቅ ሸራ ሰጠሁትና፣ ከመኪናው ጎን ተዘርግቶ ቤተሰብ የሚያሳድር ድንኳን ስፋልኝ አልሁት። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው። ነገር ግን በዕድሜው የሰፋው ድንኳን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የእድር። እኔም ሲያስረክበኝ ጥንካሬውን እንጂ መልኩን አላየሁም።

ጮቄ ልንወጣ የተቀጠረው ለእሑድ ነው። ቅዳሜ የሺ ገበያ እንደወጣች እኔና ትግስት ድንኳኑን ለመሞከር መኪናውን ደጃፋችን ላይ አቁመን ዘረጋነው። አቤት ማማሩ! ወገቤን ይዤ ራቅ ብዬ ሳደንቀው ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ድንኳኑን አየች። እኔን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ነው፣ ጥሩነህ?»

«ማን ምኑ?»

«የሞተው!»

«ኧረ ማንም አልሞተ!» ብዬ ሳቅሁ።

እንግዲህ የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞት መርዶ ለባለቤቱ እንዲሁ አይዘረገፍም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪነገር ድረስ ሁሉም «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» እያለ ይዋሻል። ስለዚህ «ማንም አልሞተም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። እትዬ አልጋነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አይ አንተ! ለየሺ ብለህ በግድ እየሳቅህ… በቃ፣ አባቷ ናቸው! አያ ደሴን አጣናቸው!» አለችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ትግስት ሮጣ መጥታ «ኧረ እትዬ፣ ካምፒንግ ነው!» ብትላት፣

«ምን የሚሉት በሽታ ነው ደግሞ እሱ?» ብላ ብሶባት አረፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያቆመዋል? የእድራችን ዳኛ አያ ቢተው ደረሱ። ጥሩምባው ተነፋ። አንዱ አግዳሚ ተሸክሞ መጣ፣ አንዷ የንፍሮ ስንዴ ጣደች። እኔ ዘልዬ «ሰዎች ሆይ፣ ማንም አልሞተም!» ስል፣ «ይጩኽ፣ ይውጣለት» እያሉ ያቅፉኛል። እንደዚያ ሲያቅፉኝ አላለቀስሁም ብል ይታዘበኛል ሰማይ። ለቅሶ እንደ ማዛጋት ነው፤ ይጋባል። እንባዬ ጉንጬ ላይ እየወረደ «ማንም አልሞተም» ብል ማን ይሰማኛል?

የሺ ከገበያ የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። ከመንገዱ ማዶ ድንኳኑን ስታይ ቆመች። ሰዉ ሁሉ ድንገት ዝም አለ፤ ገና አልተነገራትማ። ያ ዝምታ ነው የገደላት። የያዘችው ዘንቢል ወደቀ፤ «አባቴን! አባቴን!» ብላ ደረቷን ስትመታ እኔ በሰው መሐል ሰንጥቄ ደረስሁ።

«የሺ፣ ስሚኝ፣ አባባ ደኅና ናቸው! ይኼ የጮቄው ድንኳን ነው!»

ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየቷን አልረሳውም።

«አንተ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ፣ ጥሩነህ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ቀልሎ ቀልሎ አልቆ ኖሯል፤ ለአንድ ክፉ ቀን እንኳ የሚሆን እፍኝ እውነት አልተረፈኝም። በቅሎዬ እንቁላል ጣለች ያልሁ ጊዜ አገር ስቆ አምኖኛል፤ አባትሽ በሕይወት አሉ ስል ሚስቴ አላመነችኝም። ትግስት ስልክ ደወለች። የአማቴ ስልክ ተዘግቷል። በስልኩ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ «አሁን ማግኘት አይችሉም» ስትል ለቅሶው እጥፍ ሆነ።

«በሉ ግቡ!» አልሁ። «አገራቸው ቁይ ድረስ ሄደን በዓይናችሁ እዩአቸው!»

ድንኳኑ ተነቅሎ አናቱ ላይ ተጫነ። መሪውን ትግስት ያዘች፤ ከቤታችን መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ ብቻ ናት። የሺ፣ እትዬ አልጋነሽና አያ ቢተው ከኋላ ማንኪያና ምድጃ መሐል ተጠጋግተው ተቀመጡ። መኪናዬ የመጀመሪያ ሽርሽሩን እንዲህ በሙሾ ጀመረ። ደብረ ማርቆስ ስናልፍ ልቅሶውን የሰሙ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁልን። አንዱ በመስኮቱ «እግዜር ያጽናችሁ» ሲለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት፤ ምን ልበለው?

ከቁይ ወደ አማቴ መንደር የሚወስደው መንገድ የጥቁር አፈር ጭቃ ነው። ክረምት ሲመጣ በጭቃው እናሳብባለን፤ በጋ ሲመጣ በአቧራው። እንዲህ እያልን ሳንሄድ ስንት መስቀልና ስንት ፋሲካ አለፈ። ያን ዕለት ጂፑ ጭቃውን እየፈነቀለ እንደ ቅቤ ሰነጠቀው። ሞተሩ አልደከመ፣ ጎማው አልተንሸራተተ። ለካ መኪናው ሲታደስ ያረጀው የእኛ ማሳበቢያ ኖሯል፤ አለቀብን። የሺ አሁን ጮኻ አታለቅስም፤ «ሳላያቸው… ሳላያቸው…» ብቻ ትላለች። ያኔ ነው እኔንም ጥርጣሬ የገባኝ። ይህን ያህል ሰው እንዴት በባዶ ሜዳ ያለቅሳል? የእውነት ሞተው ቢሆንስ? ስልኩስ ለምን ተዘጋ? ድንኳኑን ያሰፋሁት ለእሳቸው ይሆን እንዴ? እያልሁ ጸሎት ጀመርሁ። ጸሎቴም ሐፍረት ነበረበት፤ «አምላኬ፣ እሳቸውን አኑርልኝና እኔን እንደፈለግህ አዋርደኝ» የሚል።

አምላኬ ሁለቱንም ሰማኝ።

አያ ደሴ ደጃቸው ላይ ቆመው አጥራቸውን እየጠገኑ ነው። ልቅሶ የተጫነ መኪና ሲመጣ አዩ። ቆንጨራቸውን ጥለው፣ ያን ሽማግሌ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሮጡ።

«ማን ነው? ንገሩኝ! ማንን አጣን?» እያሉ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

የሺ ወርዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ዙሪያውን ያዩናል። እትዬ አልጋነሽ ነጠላዋን ለማቃናት ስትታገል ይበልጥ ተጠመዘዘባት። አያ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ስንት ቤት መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፣ ለሟቹ ለራሱ ግን ነግረው አያውቁም።

በመጨረሻ የሺ፣ «አባባ… እርስዎን ነው» አለች።

«እኔን?» አሉ። ደረታቸውን ዳሰስ አደረጉ። «መቼ?»

ነገሩ ሲነገራቸው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ስልካቸውንም መብራት ስለጠፋ ቻርጅ አላደረጉትም ኖሯል። ሳቃቸው ሲበርድ መኪናውን ትክ ብለው አዩት፤ ጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይኼ ያንተ ነው፣ ጥሩነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጭቃውን ወጣው?»

«ወጣው።»

«እሰይ። እኔ እኮ ልጆቼን የያዘብኝ ይኼ ጭቃ ነው እያልሁ መንገዱን ስረግም ነው የኖርሁት።»

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወዴት ልትሄዱበት ነው እንዲህ ያሳመራችሁት?»

«ጮቄን… ልናየው ብለን ነው» አልሁ።

ወደ ተራራው ዞር አሉ። ፀሐይዋ ጫፉ ላይ ነበረች።

«ጮቄ ደኅና ነው» አሉ። «እኔ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። አልታመመም።»

ይህን ጊዜ ልቅሶ የሰሙ የመንደሩ ሰዎች ከየአቅጣጫው እየሮጡ ይመጡ ጀመር። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አሁን ነገሩ ይወራል፣ አሁን አገር ይስቅብናል ብዬ ሳልጨርስ አማቴ ብድግ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ያስሮጣችኋል? ልጆቼ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው!»

«ታዲያ ልቅሶው ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«የናፍቆት ነዋ! አንተ የሚናፍቅህ ሰው ስለሌለህ አታውቀው ይሆናል። እዩት ይኼን መኪና! ጭቃው አላሳልፍ ቢላቸው ጊዜ፣ አማቼ እኔን ለማየት ብሎ ነው ከሞት አስነሥቶ ያሠራው። ማደሪያ እንዳላስቸግራቸው ብለው እንኳ፣ ድንኳን ይዘው ነው የመጡ!»

ማጋነን ሙያዬ ነው ብያችሁ ነበር። ያን ዕለት ጌታውን አየሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳጋንን ሰው ይስቅ እንደሆነ እንጂ የአንድ ሰው ገበና ሸፍኜ አላውቅም።

ከመጡት አንድ አዛውንት ቄስ ወደ እኔ ቀረቡ። ጎማውን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

«እንዲህ ያለ አማች ለሁላችንም ይስጠን!»

መንደሩ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። የሺ በጎን አየችኝ። አማቴ ደግሞ በዓይናቸው «በል እንጂ» አሉኝ። ምን ላድርግ? አሜን አልሁ። ቀና ግን አላልሁም።