ሜሮን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችበት ቅዳሜ

ንጉሥ ባለበት አገር ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን እንዴት ያለ ሥራ ይመስላችኋል? አገሩን የምታስተዳድሩት እናንተ ናችሁ፤ ግን ጎንበስ ብላችሁ፣ ያሰባችሁትን ሁሉ እሳቸው ያሰቡት አስመስላችሁ ነው። እኔ ይህን ሥራ በቅርብ ያየሁት በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ሞንትቤሎ ውስጥ፣ በገዛ ሳሎኔ ነው።

ያን ሰሞን ቤታችን የማይነገር ነገር ነበረበት። የባለቤቴ አባት፣ አባባ ታፈሰ፣ አብረውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መንዳት ግን አላቆሙም። ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ በተቃራኒው መስመር ገብተው አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ጎናቸው ነበርኩ። "ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አሉኝ።

ለባለቤቴ ለሰናይት ነገርኳት። "አንተ ንገራቸው፤ ወንድ ለወንድ ይሻላል" አለች። "አባትሽ አይደሉ? አንቺ ንገሪያቸው" አልኩ። መገባበዝ እንወዳለን፤ ይህንንም ስንገባበዝ ሳምንቱ አለቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረዶ ይጥል ነበር። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሳሎኑን ነጭ ብርሃን ሞልቶት ቤቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላል። አባባ መስኮቱ አጠገብ፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ናቸው። እኔ ልብስ አጥፋለሁ። ልጃችን ሜሮን ወረቀት ይዛ መጣች። ክፍላቸው አንድ የፈጠራ ንጉሣዊ አገር አቋቁሞ እሷን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጓታል፤ ለልምምድ ንጉሥ ቸግሯታል።

"ግራንፓ፣ ኪንግ ይሁኑልኝ።"

"ምን እሠራለሁ?"

"ምንም። እኔ አድቫይስ አደርጋለሁ፣ እርስዎ እሺ ይላሉ።"

"እምቢ ብልስ?"

"አይቻልም፤ ሕገ መንግሥቱ ነው። ግን ዋርን ማድረግ፣ ማለቴ ማስጠንቀቅ፣ ይችላሉ።"

አባባ ፈገግ ብለው ተስተካክለው ተቀመጡ። ስለ ድልድይ አነበበች፤ እሺ አሉ። ስለ ትምህርት ቤት አነበበች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እሺ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

"አንድ አድቫይስ ቀርቷል" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ መኪና አይንዱ። እፈራለሁ።"

የያዝኩት ሸሚዝ እጄ ላይ ቀረ። ወጥ ቤት ሰናይት ቧንቧውን ዘጋች።

"ይሄም ወረቀቱ ላይ አለ?" አሉ አባባ።

"የለም።"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። ዳዲና ማሚ ሲያወሩ ሰምቼ ነው።"

አባባ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የመኪናውን ቁልፍ አወጡና መዳፏ ላይ አኖሩት።

"እኔም እፈራ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራብኝ መንገዱ ይጠፋኛል። ማስጠንቀቅ እችላለሁ አላልሽም?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ላስጠንቅቅ። ቤት ውስጥ ከዋልኩ ቶሎ እሞታለሁ። መንግሥትሽ ይሄን አስቦበታል?"

መንግሥት አላሰበበትም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ዞር ብላ አየችኝ። "ዳዲ የፈለጉበት ይወስድዎታል" አለች። ሳልጠየቅ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆንኩ።

አሁን እሑድ እሑድ ፓርክ ሂል ሰፈር አጠገብ ወዳለው ጸሎት ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ "ቀስ በል" ይሉኛል፤ "መብራቱን እይ" ይሉኛል። መሪውን ያስረከበ ሰው አፉን አብሮ አያስረክብም። ከዚያ ፀሐዩ በመስታወቱ ሲያገኛቸው ያንቀላፋሉ። ባለፈው ደጃፉ ደርሰን እንኳ አልነቁም፤ ፊታቸው የሕፃን ፊት መስሎ ነበር። ፓርክ ሳላደርግ አለፍኩና ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርኩ።

"ደረስን?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ገና ነን፣ አባባ" አልኳቸው።