የባላምባራስ ጎተራ

አንድ ሰው ሐበሻ በተሰበሰበበት አንዴ «ዶክተር» ተብሎ ከተጠራ አለቀለት። የምን ዶክተር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አንድ ክርስትና ተጠርቼ ገና ወንበር ሳልይዝ አንዲት እመቤት አጠገቤ መጡና አፋቸውን በሰፊው ከፍተው የመጨረሻ መንጋጋቸውን በጣታቸው አሳዩኝ። ሴትዮዋን ላለማሳፈር ጎንበስ ብዬ አየሁላቸው። ምን አይቼ ምን ልበል? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥርስ በሌለው ፍጡር ላይ ነው። የዶሮ ሐኪም ነኝ።

ሐኪም ማለቱም ማጋነን ነው። ሐኪም ያክማል። እኔ የምሠራበት የምርምር ቤት የሚመጡ ዶሮዎች ግን ሞተው ነው የሚመጡት። ገበሬው መንጋው ሲያልቅበት ሬሳውን በፌስታል ቋጥሮ ያመጣል፤ እኔ ከፍቼ ጉበቱን፣ ሳንባውንና አንጀቱን አይና ገዳዩ ማን እንደሆነ እነግረዋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም በሽተኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ከስሶኝ የሚያውቅም የለም።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ፈንግል ነው፤ ያ ዶሮን በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው በሽታ። እናቴ ዶሮዎች ነበሯት፣ ሁሉንም በስም ነበር የምትጠራቸው። አንድ ጠዋት ስንነሳ ከቆጡ ሥር ተዘርረው አገኘናቸው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» አላት ብል ታምኑኛላችሁ? ለዶሮ! ያኔ ሰው ለሰው ሐዘን ጊዜ ነበረው። እኔም በልጅ አፌ «ሳድግ ፈንግልን እገድለዋለሁ» ብዬ ማልኩ። ይኸው አደግኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ። ፈንግል ደህና ነው፣ ሰላም ይላችኋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የምኖረው ካሳራኒ ነው፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ ፎቅ ላይ። ልጆቼ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ባለቤቴ ሥራዋን ይዛ አዲስ አበባ ቀርታለች። ማታ ከማታቱ፣ ከዚህ ሀገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ስወርድ ፌርማታው ላይ በወረቀት የሚጠቀልሉልኝን ቺፕስ ይዤ እገባና፣ ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ዜና እያየሁ እበላለሁ። ይሄን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ቤቴን እንድታውቁት ነው።

ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጋሽ ተሰማ ናቸው። የሁለታችን ወጥ ቤት በኮሪደሩ መስኮት ይተያያል። ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሹፌር ናቸው፤ የሞያሌን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር በስም ያውቁታል። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ነው ያሉት። ሰናይት ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ማልዳ ትወጣለች፣ የአባቷን ምሳና ራት በሳህን አድርጋ ከድና። ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው።

ባላምባራስን ያመጣችው እሷ ናት። ለፋሲካ መሆኑ ነው። እዚህ ሰዎች ኪየኔጂ የሚሉት አለ፤ በየጓሮው ጭሮ ያደገ የሀገር ዶሮ። እሱን መርጣ በሕማማት ሳምንት ገዛችና ሰገነቱ ላይ አሰረችው። ስሕተቷ አስቀድማ መግዛቷ ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከአንድ ፍጡር ጋር ከዋለ መተዋወቁ ይቀራል? ቅዳሜ ቢላዋ ሲሳል ጋሽ ተሰማ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉና «ማንን ልታርዱ ነው?» አሉ። ለካ ዶሮውን ባላምባራስ ብለው ሾመውታል! ባለ ማዕረግ ደግሞ ዝም ብሎ አይታረድም። ፋሲካው በበግ ሥጋ አለፈ፣ ባላምባራስም የቤቱ አባል ሆኖ ቀረ።

ታዲያ በዚያ ሐምሌ፣ የናይሮቢ ብርድ አጥንት በሚገባበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሰናይት ናት። ባላምባራስን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ዐይኑ ፈዟል፣ ላባው ተንጨፍሯል፣ ከአንገቱ ግርጌ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ተሸክሟል። «ዶክተር፣ በእናትዎ ይድረሱልኝ» አለችኝ፣ «ይሄ ዶሮ ከሞተ አባዬም አይቆይልኝም። እማዬ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው ከሱ ጋር ብቻ ነው።» ቀጥላም ሆዷን ዘረገፈችልኝ። የአባቷ የደም ግፊት መድኃኒቱ ቢጨመርም አልወርድ ብሏል። ምግብ እንኳ አልቀነሱም፣ ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት፤ ሱሪያቸው ግን ከወገባቸው ላይ አልቆም ብሏል። ሐኪሙም ግራ ገብቶት ሰኞ ወደ ኃይለኛ መድኃኒት ሊያዛውራቸው ነው። «ያን የሚችል አቅም የለውም፣ ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ» አለችና እንባዋ መጣ።

እኔ የሰማሁት ስለ ዶሮው ብቻ ነበር። ዶሮ እያበጠ ሰው የሚከሳበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው ብሎ መጠየቅ አልመጣልኝም። ሙያ እንዲህ ጆሮ ይደፍናል። ባላምባራስን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ማታቱ ተሳፈርኩ። ረዳቱ አየት አደረገኝና፣ ዶሮው ጭንቅላቱን ካወጣ እንደ ሙሉ ተሳፋሪ ይቆጠራል አለኝ። እስክንደርስ አንገቱን ደፍቶ ሄደልኝ፣ ምስኪን።

ቤተ ሙከራ ስደርስ አብሮኝ የሚሠራው ዋፉላ እንደ ልማዱ ጓንቱን አጥልቆ፣ ቢላዋውን አዘጋጅቶ ተቀበለኝ። ፎጣውን ገለጥ ሲያደርግ ባላምባራስ ዐይኑን ከፈተ። ዋፉላ ወደ ኋላ ዘለለና «ዳክታሪ! ሁዩ ባዶ ዩኮ ሃይ!» ብሎ ጮኸ። ዶክተር፣ ይሄኛው እኮ ገና አልሞተም ማለቱ ነው። ቅሬታ ያቀረበ ይመስል ነበር።

ዶሮ ከአንገቱ ሥር እህል የሚያጠራቅምባት ከረጢት አለችው። እኔ ጎተራ ነው የምላት። የቃረመውን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠጠር ወዳለበት ሆዱ እያወረደ ይፈጨዋል። ጎተራዋ ከተደፈነች ግን ምንም አያልፍም። በርሃብ ይሞታል፣ ምግቡን እንደታቀፈ። ስዳስሳት የባላምባራስ ጎተራ እንደ ሊጥ ነበረች። ፈንግል አለመሆኑን ሳውቅ እናቴ ትዝ አለችኝና «ተመስገን» አልኩ። አደነዘዝነው፣ ላባውን ነቀልን፣ ትንሽ ቀድጄ ከፈትኩት።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ። ባላምባራስ ሆድ ውስጥ ጥሬ የሚባል ነገር አልነበረም። እንጀራ ነው። በሽሮ የራሰ፣ በምስር የወዛ፣ ጎመን ጣል የተደረገበት፣ ሁለተኛ ጊዜ የቦካ እንጀራ። ዋፉላ በመቆንጠጫ እያወጣ ይሄ የየትኛው ፋብሪካ መኖ ነው ይለኛል። እኔ ግን አንዱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት፤ እንጀራው ዝም ብሎ የተቆራረሰ አልነበረም። ውጪው እየላላም ቢሆን ቅርጹ አልጠፋም፤ በጣት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ገባ ተደርጎ፣ በክብር የተሠራ ነው። በትምህርትም በሥራም ስንት የዶሮ ሆድ ከፍቻለሁ፣ ጉርሻ ያገኘሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከአንዱ ጉርሻ መሃል ደግሞ ግማሽ የሟሟ ነጭ ክኒን ወጣ።

ያን ጊዜ ነው ሰናይት ጠዋት የነገረችኝ ሁሉ አንድ በአንድ ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ሱሪው፣ ጥርግ ያለው ሳህን፣ አልወርድ ያለው ግፊት፣ የሰኞው ኃይለኛ መድኃኒት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰውዬው ለካ አይበሉም፣ መድኃኒትም አይውጡም። ሐኪሙ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያክም የከረመው የባላምባራስን ደም ግፊት ነው። ስፌቱን ለዋፉላ ሰጥቼ ብልቃጥ ፍለጋ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ባላምባራስን ይዤ ጋሽ ተሰማ ቤት ገባሁ። ሰናይት ሥራ ላይ ናት። ዶሮውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ተቀብለው አጠገባቸው ካሳረፉት በኋላ ክኒኗን በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ፊታቸው አስቀመጥኩና ይሄ ከማን ሆድ የወጣ ይመስልዎታል አልኳቸው። አዩት፣ አዩኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትልቅ ሰው ሲያዝ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ተቆጡኝ።

«ከምግብ ጋር የሚወሰድ ብላችሁ ያዘዛችሁ እናንተ አይደላችሁ? ምግቡ ወደሱ ከሄደ መድኃኒቱ ወዴት ይሂድ?»

እኔ እንዳላዘዝኩ፣ እኔ የዶሮ ሐኪም እንደሆንኩ ባስረዳቸውም ዶክተር ሁሉ ያው ነው አሉኝ። ከዚያ ቁጣው በረደና ድምፃቸው ወረደ። በዕድሜያቸው ብቻቸውን በልተው አያውቁም። መንገድ ላይ ከረዳታቸው ጋር ከአንድ ሳህን ነው፣ ቤት ሲገቡ ከእትዬ አሰለፈች ጋር ከአንድ ትሪ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባሉ ነው ያደጉት። አሁን አንድ ይጎርሳሉ፣ ሁለተኛውን ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉ ወንበሩ ባዶ ነው። «የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ሳህን ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ። «ነውር ነው። አፉን የከፈተልኝ ባላምባራስ ብቻ ነው። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል፤ ከሱም ልጣላ? ደገምኩለት። በኋላ ሁሉንም ለሱ ተውኩለት፣ ለኔ አልወርድ አለኝ።»

ታዲያ ለሰናይት ለምን አልነገሯትም አልኳቸው። ደክማ ገብታ ባዶውን ሳህን ስታይ ደስ ይላታል፣ ያቺን ደስታ እንዴት ልንፈጋት አሉኝ።

እኔ የገዛ ልጅነቴ ፊቴ ድቅን አለብኝ። አባቴ ከትሪው ፊት ቁጭ ብለው፣ እኛ ዙሪያውን ተኮልኩለን፣ እጃችን እየተጋጨ፣ እናቴ «ከፊትህ ብላ!» እያለች። አባቴ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለማን እንደሚሰጡ እስኪታወቅ ሁላችንም አፋችንን እንደ ጫጩት ከፍተን እንጠብቅ ነበር። የዚያች ጉርሻ መጠን ከአፋችን በላይ ስለነበር እንባ እስኪመጣ ነው የምንውጣት። ያ ሁሉ እጅ አሁን የት የት እንደተበተነ አሰብኩ። አልዋሽም፣ ናፈቀኝ።

ለሰናይት ማታ ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ አባቷን ተቆጣች፣ ከዚያ ዶሮውን ተቆጣች፣ በመጨረሻ ምንም ያላጠፋሁትን እኔን ተቆጣችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሰኞ አብሬያቸው ክሊኒክ ሄጄ ለሐኪሙ የሆነውን አስረዳሁት። ወጣት ኬንያዊ ነው፤ ሳቁን ለመያዝ ብዙ ታገለ፣ አልቻለም። ኃይለኛው መድኃኒት ቀረ። ወደ መጀመሪያው ክኒን መለሳቸውና ከታች አንድ መስመር ጨመረበት፤ ከምግብ ጋር፣ ከሰው ጋር። ሰናይት አሠሪዋን ለምና ምሳን ከአባቷ ጋር እየበላች መግባት ጀመረች። ራት በእኔ ላይ ወደቀ።

እኔ እንደ ሕክምና ነው የያዝኩት። ቺፕሱን ትቼ ማታ ማታ እገባለሁ፤ ክኒኗ ስትዋጥ በዐይኔ አያለሁ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ እቀመጣለሁ። ጋሽ ተሰማ አንድ ይጎርሳሉ፣ አንድ ያጎርሱኛል። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ደግሞ አንዱ ያጣላል ተብሏል። ግፊታቸው ወረደ፣ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ ቆመ። ባላምባራስ በቆሎ ብቻ ተፈርዶበታል፤ ከሰገነቱ ደፍ ላይ ቆሞ በአንድ ዐይኑ ያየኛል። ቂም ይዞብኛል፤ እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ያን ሁሉ የሞተ ዶሮ ከፍቼ የደረስኩበት ማዕረግ ምክትል ዶሮ ነው። ቢሆንም ሰውን ከሞት አድኛለሁ እያልኩ በልቤ ትንሽ ትንሽ መኩራራቴ አልቀረም።

ባለፈው ማክሰኞ ራት ቀርቦ እጄን ልታጠብ ወደ ውስጥ ገባሁ። ወዲያው የጋሽ ተሰማ ስልክ ጮኸ። የድሮ ረዳታቸው ነው፣ ከሞያሌ። ጋሽ ተሰማ ስልክ ሲያወሩ ዛሬም የመኪና ሞተር ላይ እንደሚጮኹ ነው፤ ላለመስማት ብፈልግም አልችልም።

«ባላምባራስማ ድኗል፣ ተመስገን! እኔም ደህና ነኝ፣ እኔ ምን እሆናለሁ!» አሉ። «አሁን የያዝኩት ሌላ ነው። ጎረቤታችን ነው፣ የተማረ ሰው ነው፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ሚስት ሩቅ፣ ልጅ ሩቅ። በመስኮት አየው ነበር እኮ፤ ድንች በወረቀት ይዞ፣ ለስልክ እያሳየ ይበላል! አንጀቴን በላው። እንዳይከፋው ብዬ እኔ ገና ያልዳንኩ መስዬ አብሮኝ እንዲበላ አስለምጄዋለሁ። ሲመጣ አንድ ጉርሻ እንኳ አይወርድለትም ነበር፣ አሁን ሁለት ሦስት ይላል። ዶሮው ቶሎ ነው የዳነው፤ ይሄኛው ገና ነው።»

ውኃውን ዘጋሁ። እጄን አደረቅኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጥቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ተሰማ ስልኩን አስቀምጠው፣ ጉርሻውን ጠቅልለው፣ እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁኝ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።