አጋፋሪ ፕሮስፔር እና የበሩ ወንበር

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ በሩን የራሱ ያደረገ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አይሽረውም። ሠርግ ከሆነ ከሙሽራው አባት ቀድሞ የሚጨብጥህ እሱ ነው፤ ለቅሶ ከሆነ የት እንደምትቀመጥ የሚጠቁምህ እሱ ነው። በፈረንሳይዋ ማርሴይ ባለችው ትንሿ ምኩራባችን ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አጋፋሪ ፕሮስፔር ቡካራ ናቸው። አንቱታውን ግን እዚህ ላይ እንተወው፤ ጋስቶን አታል በሰማው ቁጥር ጨጓራውን ያመዋል።

ጋስቶን መጋረጃ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሱቁን ለልጁ ሲያስረክብ ቅር አላለውም። ወንበሩን ግን ለማንም አይሰጥም። ከፊተኛው ረድፍ፣ የኦሪቱ ጥቅልል ከሚቀመጥበት ቁም ሳጥን አጠገብ፣ የአባቱ ስም በናስ የተቀረጸበት ወንበር ነው። በምኩራብ ወንበር እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ወንድማማቾች የሚኳረፉበት ርስት ነው። ጸሎቱን የሚመራው መምህራችን፣ ራቢው፣ ሲያስነጥስ “ይማርህ” የማለት መብት የጋስቶን ነበር፤ እኛም በዚህ ስንቀናበት ኖረናል።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ድሮ ስለ እኛ በሹክሹክታ ይባል የነበረው በአደባባይ ይባል ጀመር። አንድ ጠዋት የምኩራባችን ግድግዳ ላይ “አይሁዶች ውጡ” ተብሎ በጥቁር ቀለም ተጽፎ አገኘነው። በሌላ ከተማ ደግሞ አንድ ሰው ቢላ ይዞ በምኩራብ በር ገባ የሚል ወሬ መጣ። ጋስቶን ስሙን ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ፋቀ፤ ኪፓውንም፣ አይሁድ የሚደፋትን ያቺን ትንሽ ቆብ፣ በእግር ኳስ ቡድን ኮፍያ ሸፈነ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንመጣው ሰዎች አልቀረንም፣ ግን ሁላችንም ወደ ፊት ተጠጋን። የኋላው ረድፍ ባዶ ሆነ። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይማ ካፖርቱን እንኳ የሚያስቀምጥ ጠፋ።

ፕሮስፔር ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቦታው ምሰሶው ጥግ ነበር፤ እዚያ ሆኖ ሲያንቀላፋ ራቢው አያየውም። ቀለሙ በተቀባ ሳምንት ግን ከምሰሶው ጥግ ተነሳና ሄዶ የበሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ምን ነካህ ሲሉት “ነፋስ ይስማማኛል” አለ። የማርሴይ ነፋስ የቆሻሻ ገንዳ የሚገለብጥ ነፋስ ነው፤ ለማንም አይስማማም። ጥቁር የቆዳ ጓንት አጥልቆ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ የአውቶቡስ ዜማውን ያሰማል፤ “ግቡ፣ ግቡ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ ሞልቷል።”

ወደ ምኩራብም የሚመጣው ኪፓውን ያለ መሸፈኛ አድርጎ፣ በዋናው መንገድ፣ በካፌዎቹ ፊት ለፊት ነው። ሰው ከካፌ ሆኖ ክፉ ቃል ሲወረውርበት ቆብ እንደማንሳት አድርጎ “ደህና አደራችሁ” ይላል። ይህን ያየን ሁሉ ወሬውን እየጨማመርን አወራነው። ልጆች ከረሜላ ፍለጋ ኪሱን ይበረብራሉ። መስተንግዶውን የያዘችው አርሌት ከጸሎት በኋላ ከምታቀርበው የለውዝ ኬክ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሱ መስጠት ጀመረች፤ የበለስ አረቄውም እንዲሁ።

ጋስቶንን ይህ ሁሉ አንገበገበው። ቀና፤ በግልጽ ቀና። እንቅልፍ የሚነሳ ቅናት ነው።

“ዛሬም የመጀመሪያዋን ለእሱ ቆረሰችለት” አላት ሚስቱን ፎርቱኔን። “ራቢው እንኳ ሳይቀምስ።”

“እና አንተ ያማረህ ኬኩ ነው ወይስ አርሌት?”

“የበሩ ወንበር ነው።”

“ባዶውን ሲከርም ማን ከለከለህ?”

ጋስቶን ሾርባው ቀዝቅዟል አለ።

የባሰው ደግሞ የመጣው ልጆቿን ይዛ መምጣት አቁማ የነበረች አንዲት ወጣት እናት የተመለሰች ቀን ነው። “ፕሮስፔርን በሩ ላይ ሳየው ልቤ ይረጋጋል” አለችው።

“እኔም እኮ አለሁ” አላት ጋስቶን።

“እርስዎማ ፊት ነዎት፣ አባቴ። ከጀርባዎ በቀር ምን እናያለን?”

በሳምንቱ ጋስቶን ቁርጥ ውሳኔ አደረገ። ከማንም በፊት ሄዶ በበሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፕሮስፔር ሲመጣ “ግባ፣ ግባ” ይለዋል። ከቢላው ወሬ ወዲህ ውጭ የሚቆሙት ወጣት ጠባቂዎች ገና በደንብ አልነቁም። በሩን ገፋው።

ፕሮስፔር ቀድሞት ተቀምጧል። ብቻውን ነው። ጓንቶቹን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧቸዋል፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። በሩ ሲጢጥ ሲል ደንግጦ ዘለለ፤ ወንበሩም ወደቀ።

“አንተ ነህ እንዴ?” አለ። “ልቤን ቀጥ አደረግከው እኮ።”

“እጅህ ምን ሆኖ ነው?”

“ብርድ ነው።”

“ሰኔ ነው፣ ፕሮስፔር፤ የማርሴይ በጋ። ነፋስም የለም።”

ፕሮስፔር ወንበሩን አቁሞ ተቀመጠ። “እሺ፣ ፍርሃት ነው። አሁን ደስ አለህ?”

ጋስቶን ደስ የሚለው መስሎት ነበር። አላለውም።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የገባውን ሰው እጅ ነው የማየው። ማን እንደሚገባ አላውቅማ።”

“ታዲያ ለምን ወደ ቦታህ አትመለስም?”

“አውቶቡስ ስነዳ ሰው አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነበር። ፊቴ ካላማረው እግሩን ይመልሳል። ያቺ ልጅም በሩን ከፍታ ባዶ ወንበር ብታይ ልጆቿን ይዛ ትመለሳለች። ለአንድ ቅዳሜ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ከዚያ ሰው ለመደኝ። አሁን እንዴት ብዬ ልነሳ?” ጓንቱን አገላበጠው። “ደግሞ አንተን ብሎ ጠያቂ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንተን ወንበር ስመኝ አይደል የኖርኩት? ከፈለግክ ዛሬውኑ እንቀያየር።”

ጋስቶን ወደ ፊት ተመለከተ። የአባቱ ስም ከሩቅ ያበራል፤ ወንበሩም ከበሩ ርቆ፣ ወፍራም ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ወደ በሩ ደግሞ ተመለከተ። ሲቀናበት የኖረው ነገር በነጻ ቀርቦለታል፤ እጁ ግን ላብ በላብ ሆኗል።

ከኋላው ረድፍ አንድ ወንበር እየጎተተ አመጣ። የእግር ኳስ ኮፍያውን አወለቀና ወንበሩ ስር ወረወረው።

“ጠጋ በል” አለው።

“እዚህ እኮ ነፋስ አለ።”

“ይስማማኛል አልኩህ፤ ጠጋ በል።”

የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፕሮስፔር አንዱን ጓንት ለጋስቶን አቀበለውና ሌላውን ራሱ አጠለቀ። የገባችው ያቺ ወጣት እናት ናት፤ ልጆቿም ከኋላዋ።

“ግቡ፣ ግቡ” አለ ጋስቶን፤ ድምፁ ቀጠነበት። “ጠጋ ጠጋ በሉ። ቦታ ሞልቷል።”

ሴትዮዋ አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት የተካፈሉትን ሽማግሌዎች አይታ ሳቀች። ልጆቹ ጋስቶንን አልፈው ከረሜላ ፍለጋ ፕሮስፔር ኪስ ውስጥ ገቡ። ከጸሎት በኋላም አርሌት የመጀመሪያውን ቁራሽ ለፕሮስፔር ሰጠች፤ ጋስቶን አየ።

ሲወጡ ኮፍያው ወንበሩ ስር ቀረ። ሁለቱ በዋናው መንገድ፣ በካፌዎቹ ፊት ለፊት፣ ኪፓቸውን ያለ መሸፈኛ አድርገው ጎን ለጎን ሄዱ። እኛም በየኮፍያችን ሆነን ከኋላ ተከተልናቸው። ጋስቶን እስከ ቤቱ ድረስ ሲያጉረመርም እንሰማዋለን፤ የሚያጉረመርመው ስለ ኬኩ ነው።