ጎማ ላይ የሚጻፍ እንግሊዝኛ

ጋሼ ሰዲቅ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በራፋቸው ላይ የቆመውን ያረጀ የሲኖትራክ ጎማ በጨርቅ ወልውለው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በጠመኔ ይጽፉበታል። ጠመኔው መጀመሪያ የተገዛው የጎማ ቀዳዳ ለማመልከት ነበር።

እንግሊዝኛ የሚለማመድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ ስልኩ ላይ ያነበንባል፤ ሌላው ፈረንጅ ባየ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠራርጋል። የዚህ ወገን አለቃ ግን ያለው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ልንኮራም ይገባናል። የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ክቡር ጎሚስታ ሕጋቸው አንድ ነው፦ የዕለቱን ዓረፍተ ነገር ወደ አሉታና ወደ ጥያቄ ያልለወጠ ሹፌር ጎማው አይለጠፍለትም።

ካቻምና ጥቅምት ላይ ፍፁም የሚባል የደብረ ሲና ሹፌር አይሱዙውን ሽንኩርት ጭኖ መጣ። የበራፉ ጎማ ላይ «ዘ ድራይቨር ኢዝ ታየርድ» ይላል፤ ሹፌሩ ደክሞታል።

«አሁን ወደ ጥያቄ!» አሉ ጋሼ ሰዲቅ፣ የጎማ ማውለቂያውን ብረት እንደ አርጩሜ ይዘው።

«ኧረ በአላህ ጋሼ ሰዲቅ! ሽንኩርቴ በፀሐይ ሊበስል ነው!»

«የሽንኩርቱን ነገ እንጽፈዋለን። ወደ ጥያቄ!»

ፍፁም ጠየቀ። ጎማው ተለጠፈ።

ቤታቸውም ከሕጉ አላመለጠም። «ጨው ይዘህ ና ስለው ‹አሉታውን ንገሪኝ› ይለኛል» ትላለች ባለቤታቸው ሐምዲያ። «ነገርኩታ! ምሳ የለም አልኩት።»

ይህ ሁሉ መከራ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያመጣው ነው። ጋሼ ሰዲቅ በልጅነታቸው ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡትን ትምህርት በማታ ቀጥለው፣ አምና የልጅ ልጅ ሊሆኗቸው ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ሚኒስትሪ ተቀመጡ። ሒሳቡን በደንብ ሠሩት። እንግሊዝኛው ግን ጎትቶ ጣላቸው።

ውጤቱ በወጣ ማግስት ጎማው ባዶውን ይውላል ብለን ነበር። ስንደርስ «አይ ፌይልድ ዚ ኢግዛም» ይላል፤ ፈተናውን ወደቅሁ። ወረፋ የያዙት ሹፌሮች መሬት መሬት አዩ።

«ምነው ዛሬ? ወደ አሉታ!»

በመጨረሻ ፍፁም ቀስ ብሎ «አይ ዲድ ኖት ፌይል» አለ፤ አልወደቅሁም።

«ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ወሬው ውሸት ነው» አሉ ጋሼ ሰዲቅ። «አሁን ወደ መጪው ጊዜ።»

«ዩ ዊል ፓስ!» አሉ ሹፌሮቹ ባንድ ድምፅ። ያልፋሉ፣ እርስዎ። ጋሼ ሰዲቅ የሰው እንግሊዝኛ ሰምተው ሳያርሙ ወደ ሥራቸው ሲዞሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት አየህ ብትሉኝ፣ እኔ መኪና የለኝም፤ ብስክሌት እንኳ የለኝም። መሥሪያ ቤቴም በከተማው በሌላኛው ጫፍ ነው። ቢሆንም ያን ጎማ ሳላነብ ሥራ የገባሁበትን ቀን አላስታውስም። እንግዳ ሰው ሲመጣም ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው እሱን ነው።

የዘንድሮው ፈተና ረቡዕ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ፍፁም ጭነት ሳይዝ ከደብረ ሲና ወርዶ ጋሼ ሰዲቅን ሊያደርሳቸው ተቀጣጥሯል። ያን ቀን ጎማ የተነፈሰበት ሰው እስከ ሰባት ሰዓት ይጠብቅ፤ ካልሆነም ሌላ ጎሚስታ ፍለጋ እስከ ካራቆሬ ከተማ ይሂድ።